ባንክ ለቅቄ ዓሣ ውስጥ ገባሁ

ልጆች፣ ሰሞኑን የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ጋሼ፣ እንዲያ ያለ የባንክ ሥራ ለቆ ስታርታፕ መግባት አይከብድም ወይ?» ይከብዳል። የከበደኝ ግን እናንተ በጠረጠራችሁት በኩል አይደለም።

ወጣት ሳለሁ ሦስት ሆነን ሶፍትዌር እንሠራ ነበር። ከሰርን። ከዚያ ባንክ ገባሁና 12 ዓመት የአይቲ ሠራተኛ ሆኜ ቆየሁ። አሁን ሽምብጥ ሰፈር በተከራየናት አንዲት ክፍል፣ ከልጄ እኩዮች ጋር፣ የባሕር ዳር ሆቴሎች ከጣና አስጋሪዎች ዓሣ የሚያዙበት አፕ እንሠራለን።

በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አንድ አስጋሪ ደወለ። የሆቴሉ ትዕዛዝ ሁለቴ ደርሶት 20 ኪሎ ቆሮሶ እጁ ላይ ቀርቷል። እኔ ምን አልኩ? «ችግሩ በጽሑፍ ይቅረብና ሰኞ እንሰብሰብ።» አንዷ ልጅ ሳቋን መያዝ አቅቷት «ጋሼ፣ እስከ ሰኞ እኮ ዓሣው ይሸታል» አለችኝ። ዓሣውን እኛው ገዛነው። ያን ሳምንት ቤቴ የዓሣ ጥብስ፣ የዓሣ ወጥ፣ የዓሣ ጉላሽ ሆኖ ከረመ፤ ባለቤቴ እስካሁን ትተርበኛለች። ስህተቱን ግን በዚያው ቀን አረምነው፤ ባንክ ቢሆን አንዲት በተን ለመቀየር ስንት ፊርማ ይዞር እንደነበር ብነግራችሁ አታምኑኝም። የከበደኝ ይኼ ነው፤ የቢሮ አመል ሳላውቀው ተጋብቶብኛል።

ደግሞ ጀግና አታድርጉኝ። ባንክ የሠራ ያውቀዋል፣ እግር የሚያስረው ደሞዙ ሳይሆን ወለዱ ዝቅ ያለው የሠራተኛ ብድሩ ነው፤ ስትለቁ ወለዱ አብዛኛውን ጊዜ እንደማንኛውም ደንበኛ ይሆናል። እኔ የወጣሁት የቤት ብድሬን ጨርሼ፣ የዓመት አስቤዛ ለይቼ ነው። እናንተም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያችሁን ሰጥታችሁ በሰላም ውጡ። «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» የሚል አለቃ ካጋጠማችሁ ጡረታውን ጠይቁ፤ ከእናንተ የደሞዛችሁ 7 በመቶ፣ ከእሱ 11 በመቶ ይገባል፣ ስታርታፕ ነኝ ማለት ከሕግ አያስመልጥም። በአፍ የተባለ የድርጅቱ ድርሻም ወረቀት ላይ ይስፈር።

ከባንክ የመጣው ሁሉ ግን አይጣልም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ እዚህ ለወራት የሞባይል ዳታ ተቋርጦ እንደነበር አልረሳችሁትም። ትዕዛዙ በኤስኤምኤስም ይሂድ ብዬ ድርቅ ያልኩት ለዚህ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ «የባንክ ፍርሃት» ብለው ሳቁብኝ። አሁን ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ዞር ብለው የሚያዩት እኔን ነው።