ነፃ ከሆነ ለምን እንነካካዋለን?

ጥያቄ፦ የምኖረው ፒያሳ ነው። ማታ ማታ ልጄን አስጠናለሁ። የሳይንስ ደብተሯ ላይ «ነፃ ተለዋዋጭ፣ ጥገኛ ተለዋዋጭ፣ ቁጥጥር የተደረገበት ተለዋዋጭ» የሚል አየሁ። ነፃ ከተባለ ለምን እኛ እንቀያይረዋለን? ሦስተኛውስ፣ የማይለወጥ ከሆነ እንዴት ተለዋዋጭ ይባላል?

መልስ፦ በሻይ ስኳር እንየው። በአንድ ብርጭቆ ትኩስ፣ በሌላው ቀዝቃዛ ውሃ እንቅዳ። እኩል ስኳር እንጨምርና እስኪሟሟ ድረስ ሰዓት እንያዝ። የውሃውን ሙቀት የምንመርጠው እኛ ነን። የሚፈጀውን ጊዜ ግን አንመርጥም፤ ጠብቀን እንለካዋለን።

«ነፃ» ሲባል «ከምን?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከቀረጥ ነፃ፣ ከዕዳ ነፃ እንላለን። እዚህ ነፃ የሆነው ከሚለካው ነገር ነው እንጂ ከእኛ እጅ አይደለም። ስኳሩ ቶሎ ሟሟም ዘገየ፣ መጀመሪያ የመረጥነውን ሙቀት አይወስንም። ጊዜው ግን ሙቀቱን ተከትሎ ያጥራል፣ ይረዝማል። ጥገኛ የተባለው ለዚህ ነው። ቃሉ ከ«ተጠጋ» የመጣ ነው። (ነገ ስለ ጥገኛ ተውሳክ ስትማር እንዳትደናገር፣ ያው ቃል ነው።)

ሁለተኛውን ጥያቄዎን ወድጄዋለሁ። በአማርኛ እንደ «ተለዋዋጭ» ያለ ቃል ሊሆን የሚችለውንም ይናገራል። ተጣጣፊ አልጋ ተዘርግቶ ተኝተንበትም ተጣጣፊ ነው። ተንቀሳቃሽ ስልክ ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ቢውልም ስሙ አይቀየርም። የስኳሩና የውሃው መጠን፣ ማማሰሉም እንደዚያው ናቸው። ሊለዋወጡ ይችላሉ፤ እኩል ይሁኑ ብለን የያዝናቸው እኛ ነን። አንዱን ብርጭቆ አማስለን ሌላውን ብንተወው፣ ስኳሩን ያሟሟው ሙቀቱ ይሁን ማንኪያው በምን እናውቃለን?

«ቁጥጥር የተደረገበት» ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የፖሊስ ሪፖርት ይመስለኛል። ቤት ውስጥ «የምንቀይረው፣ የምንለካው፣ እንዳይለወጥ የያዝነው» ይበሏት። ፈተና ላይ ደብተሯ ላይ ያለውን ትጻፍ።

ይህን ሙከራ ከሠራችሁ ደግሞ «የፈላ ውሃ» ብላ እንዳታልፈው። እናንተ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናችሁ፤ ውሃችሁ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ነው። ጂቡቲ ወደብ ላይ 100 ገደማ ይደርሳል። ሁለቱም ብርጭቆዎች ፒያሳ እስካሉ ድረስ ከፍታው ሳትነኩት እኩል ሆኖ ይቆያል። ጂቡቲ ያለ ዘመድ ልድገመው ቢል ግን ከፍታም ይለወጣል። ስለዚህ ዲግሪውን ትጻፈው።