አንገትና እጅ ሲታመም፦ ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ለስፌት ሠራተኞች መጠይቅ አስሞልተን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት “አንገቴን፣ ትከሻዬን ያመኛል” አሉ። ሐኪም ሲመረምራቸው ግን ምልክት የተገኘባቸው ጥቂት ናቸው። አለቆቼ “ሰበብ ነው” ይላሉ። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣውና እስካሁን በሰፊው የሚሠራበት የኖርዲክ መጠይቅ (የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም መጠየቂያ ቅጽ) ሰውነትን በ9 ክፍል ከፍሎ፣ ባለፉት 12 ወራት አሞዎት ያውቃል ወይ፣ ሥራ አስተጓጉሎብዎታል ወይ፣ ባለፉት 7 ቀናትስ ብሎ ይጠይቃል። ሐኪሙ የሚያየው የዚያችን ዕለት ሰውነት ነው። ጥር ላይ ታማ ሚያዝያ ላይ የተሻላት ሠራተኛ መጠይቁ ላይ “አዎ”፣ ምርመራው ላይ “የለም” ተብላ ትመዘገባለች፤ አልዋሸችም። የጡንቻ ሕመም ደግሞ በምርመራ የሚያዝ ምልክት ላያሳይ ይችላል። ማነጻጸር ካስፈለገ ምርመራውን ከ7 ቀኑ መልስ ጋር ያነጻጽሩ፤ ከ12 ወሩ ጋር ማጋጨት ትርጉም የለውም።

አሞላሉንም ይፈትሹ። ቅጹን የሰበሰበው የመስመር ኃላፊ ከሆነ ጥለው እንደገና ቢጀምሩ ይሻላል፤ አለቃዋ ፊት ማን “ሥራ አስተጓጎለኝ” ይላል? አንገት የት አልቆ ትከሻ የት እንደሚጀምር ሁሉም በየራሱ ስለሚረዳው፣ ከጀርባ የተሣለ የሰውነት ምስል ይኑርና በጣት ያሳዩ። “12 ወር” ለብዙ ሰው ደብዛዛ ነው፤ “ከአምናው ጥምቀት ወዲህ” ወይም “ከአምናው ረመዳን ወዲህ” ሲባል ይታወሳል (ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ቢመጣም ለዚህ ሥራ አይጎዳም)። ኦሮምኛና ሶማልኛ ተናጋሪዎችን በየቋንቋቸው ይጠይቁ። መርማሪው መጠይቁን አስቀድሞ አይይ፤ ካየ “አመመኝ” ያለችውን ጠበቅ አድርጎ ይጫናል። ሁሉም በፈረቃው ተመሳሳይ ሰዓት ይመርመሩ፤ ሰኞ ጠዋትና ቅዳሜ ማታ የሚመረመር አንገት አንድ አይደለም። ታመው ሥራ የለቀቁት በመጠይቁም በምርመራውም ውስጥ እንደሌሉ ደግሞ ለአለቆችዎ ይንገሩልኝ።

ጥያቄ፦ ሐረር፣ መኪና ግርግር ልብስ ሰፊ ነኝ። ሌሊት ቀኝ እጄ ደንዝዞ ያነቃኛል፤ ሳራግፈው ይለቀኛል። ብርድ ነው ይሉኛል።

መልስ፦ ብርድ አይመስልም። ሲያራግፉት መልቀቁ ራሱ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ በእጅ አንጓ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ሲጨመቅ የሚመጣ ነገር ነው። መጀመሪያ የእጅ ምስል ላይ የሚደነዝዘውን ቦታ ያጥቁሩ። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ከሆነ ይሄው ነርቭ ነው። ትንሿ ጣት ብቻ ከሆነች ችግሩ ክርን ላይ ይፈለጋል።

ቀጥሎ የሁለቱን እጆች ጀርባ አጋጥመው አንጓውን ሙሉ በሙሉ አጥፈው 60 ሰከንድ ይቆዩ። በእነዚያው ጣቶች ድንዛዜ ከመጣ ምርመራው አዎንታዊ ነው፤ ነርቩ መጨመቁን ያመለክታል። አንጓው ብቻ ካመመዎት አይቆጠርም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአውራ ጣትዎን ሥር ሥጋ ከግራው ጋር ያስተያዩ። ከሰለለ ነርቩ ቆይቶ ተጎድቷልና ሐኪም ዘንድ ሳይዘገዩ ይሂዱ። ስኳርና የታይሮይድ ዕጢም ይታዩልዎ፤ ሁለቱም ይህንኑ ያመጣሉ። ለጊዜው አንጓውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ሌሊት አስረው ይተኙ። ቀን ደግሞ ወፍራም ጨርቅ በትልቅ መቀስ ሲቆርጡ አንጓዎ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ልብ ይበሉ።

ጥያቄ፦ እናቴ ጀጎል ውስጥ ሙዳይና ሰፌድ ትሰፋለች። ወስፌ ስትይዝ አውራ ጣቷ ሥር፣ አንጓዋ ጎን ላይ ያማታል።

መልስ፦ አውራ ጣቷን በመዳፏ ጨብጣ አንጓዋን ቀስ ብላ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ታዘንብል። በዚያው ጎን ሹል ሕመም ከተሰማት የአውራ ጣት ጅማቶች ሽፋን ተቆጥቷል። ጤነኛም ሰው ትንሽ ይወጥረዋልና በሌላኛው እጅም ትሞክር፤ ልዩነቱ ነው የሚታየው። የወስፌውን እጀታ በጨርቅ ጠቅልሎ ማወፈር በጣት ቆንጥጦ መያዙን ያቀልላል።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ባጃጅ እነዳለሁ። ሕመሙ ከአንገቴ ተነስቶ እስከ መሃል ጣቴ ይወርዳል። ወጌሻ ዘንድ ልሂድ?

መልስ፦ ሳይመረመሩ አንገትዎን ማንም እንዳያሽዎት፣ እንዳይጠመዝዝዎት። መሃል ጣት ላይ የሚያርፍ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከ7ኛው የአንገት ነርቭ ነው። ሐኪሙ አንገትዎን ወደሚያምበት ጎንና ትንሽ ወደ ኋላ አዘንብሎ አናትዎን በቀስታ ይጫናል፤ ሕመሙ ወደ ክንድ ከወረደ የነርቭ ሥር መነካቱን አጥብቆ ያመለክታል። ባይወርድ ግን ነርቩ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ይህንን ቤት ውስጥ በጓደኛ አያስሞክሩት፤ በተለይ ተጋጭተው ወይም ወድቀው ከነበረ። እጅዎን አናትዎ ላይ ሲያስቀምጡ ይቀልልዎት እንደሆነ ግን ራስዎ አይተው ለሐኪሙ ይንገሩ። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ካቃተዎት፣ ሲራመዱ እግርዎ ከተንገዳገደ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካስቸገረዎት ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ያኑ ዕለት ሆስፒታል ይግቡ።