«የቻላችሁትን» አትበሉ

ይህን የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ክረምቱ ገብቷል፤ ጦሳን ጉም ሸፍኖታል። ዛሬ ጠዋት የተማርኩበት ትምህርት ቤት ሄጄ፣ ሜሪላንድ ሆነን ባዋጣነው ገንዘብ የተሠሩትን ዴስኮች አንድ በአንድ አየኋቸው። ልጆቹ ለእረፍት ስለወጡ ክፍሉ ጭር ብሏል። በ2014ቱ ጦርነት እዚህ አካባቢ ስንት ትምህርት ቤት ዕቃውን እንዳጣ ታውቃላችሁ።

ያ መዋጮ ግን መጀመሪያ ላይ አልሆነም ነበር። ዋትስአፕ ግሩፕ ላይ «ወገኖቼ፣ የቻላችሁትን እርዱን» ብዬ ለጠፍኩ። የልብና የጸሎት እጅ ምልክት ዘነበ። ገንዘብ የላኩት አራት ሰዎች ናቸው። ሰዉ ጨክኖ አይደለም። ወለዬ መስጠት ጠፍቶበትም አይደለም። እኔ በደንብ አልጠየቅኩትም።

እስቲ ቅርጫን አስቡት። በሬው ሳይገዛ ስንት ሰው እንደሚገባ፣ አንዱ መደብ ስንት እንደሆነ ይታወቃል። እድርም መዋጮውን ቆርጦ ይናገራል። «የቻልከውን» የሚል የእድር ዳኛ አይቼ አላውቅም። ይሉኝታው የያዘን ባሕር ማዶ ስንሻገር ነው። «የቻላችሁትን» ማለት ትሕትና ይመስላል፤ ሰሚውን ግን ያስጨንቀዋል። ሃያ ልላክ ቢል ያፍራል፣ መቶ ልላክ ቢል ይከብደዋል። ነገ ይልና ይረሳዋል።

በሁለተኛው ዙር ስልክ መደወል ጀመርኩ። አንድ በአንድ። መጀመሪያ የራሴን ከፈልኩ፤ ይህን ሳታደርጉ አትደውሉ። ኮምቦልቻ ካለ ብየዳ ቤት ማህተም ያለው ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ፣ አስመጣሁ። «አንድ ዴስክ ይህን ያህል ነው። የሁለቱን ትችላለህ ብዬ ነው የደወልኩልህ» አልኩ። ከዚያ ዝም። ይህቺ ዝምታ ከባድ ናት። አፋችን ቶሎ ብሎ «ካልተመቸህም ችግር የለም» ማለት ይቀናዋል። ታገሱ፣ ሰውየው ያስብ። «አብሽር፣ የአንዱን እኔ እችላለሁ» ብሎ ከመለሰላችሁም እሰየው ነው። ፕሮፎርማው ግን አዲስ ይሁን። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ የሚወሰን ስለሆነ፣ በከረመ ዋጋ የጠየቀ ሰው መሀል መንገድ ላይ ያጥረዋል።

ገንዘቡ በማን በኩል እንደሚሄድም ቀድማችሁ ተናገሩ። አሜሪካ ውስጥ ለተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው፣ ከታክስ ለማስቀነስ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ሳይጠይቅ ይላክለት። የሚሠራበት ድርጅት የሰጠውን ያህል የሚጨምር እንደሆነም ይጠይቅ። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ግብር ከፋዩ የጊፍት ኤድ ቅጽ ከሞላ፣ ድርጅቱ በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ 25 ፔንስ ከመንግሥት ያገኛል። በግል አካውንት ከሰበሰባችሁ ይህ ሁሉ የለም። በግልጽ ንገሯቸው።

ብዙዎቻችን የምንጠፋው ገንዘቡ ከገባ በኋላ ነው። አንዲት እህታችን ከወራት በኋላ ደውላ «ወንድሜ፣ ያ ዴስክ ከምን ደረሰ?» አለችኝ። ዴስኩ ተሠርቶ ልጆች ተቀምጠውበታል። ለእሷ ግን የነገራት የለም። በጣም አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ዕቃው ትምህርት ቤቱ ሲገባ የሚቆረጠውን የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ፣ ሞዴል 19ን፣ ፎቶ አስነስቼ፣ በዚያው ቀን ለሰጡት ሁሉ እልካለሁ። የልጆቹን ፊት ግን አታሳዩ፣ እባካችሁ። ነገ አድገው ያንን ፎቶ ያዩታል። ዴስኩና ደረሰኙ ይበቃል።

አልችልም ያላችሁን ሰው አትቀየሙ። አንድ አብሮ አደጌ ያኔ «አሁን አይሆንልኝም» አለኝ። ሥራ መፍታቱን አልነገረኝም። እኔም አልጨቀጨቅኩትም። የዴስኮቹን ፎቶ ግን ለእሱም ላክሁለት። ባለፈው ሳምንት ራሱ ደወለ።

«ደሴ ነህ አሉ። ያ ዴስክ አሁን ስንት ገባ?»

ነገ ኮምቦልቻ ወርጄ አዲስ ፕሮፎርማ አመጣለሁ።