ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሚዛኑ ቆመብኝ፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ? የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ከአምስት ወር በፊት ስሊቭ የሚባለው ጨጓራ የማሳነስ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ያን ጊዜ 128 ኪሎ ነበርኩ፤ ዛሬ 103 ነኝ። መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ ሲወርድ እያየሁ እደሰት ነበር። ካለፈው ወር ወዲህ ግን ሚዛኑ ንቅንቅ አልል አለ። ጠዋትም ማታም እመዘናለሁ፤ አንዴ 102.8፣ አንዴ 103.6፣ ከዚያ ፈቀቅ የለም። ምግቤን ትቼ በሾርባ ብቻ መዋል ከጀመርኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ለውጥ የለም፤ ጭራሽ ድካም ጨመረብኝ፣ ፀጉሬም ይረግፋል። እህቴ «ጨጓራሽን አስቆርጠሽም ያው ነሽ» አለችኝ። ጨጓራዬ ተመልሶ ሰፍቶ ይሆን? ወይስ ቀዶ ሕክምናው እኔ ላይ አልሠራም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ ከሁሉ በፊት ያንን ሾርባ አቁሚ። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

አሁን ሒሳቡን እንይ። 128 ኪሎ የነበረ ሰው 25 ሲቀንስ ከመነሻው አንድ አምስተኛውን ገደማ አራግፏል ማለት ነው። ስሊቭ ያደረጉ ሰዎች ዓመት፣ ዓመት ተኩል ሲሞላቸው በአማካይ የሚቀንሱት ከመነሻ ክብደታቸው ሩብ ያህሉን ወይም ትንሽ ከፍ ያለውን ነው። አንቺ በአምስት ወር አብዛኛውን ጨርሰሻል። ለእህትሽ ይህን ንገሪያትና ወሬውን ዝጊው።

ጨጓራሽ ሰፍቶ እንደሆነ ጠይቀሻል። በስሊቭ ከጨጓራ ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ተቆርጦ ይወጣል፤ የቀረው ቀጭን ቱቦ ከዓመታት ጋር ትንሽ መላላቱ አይቀርም። ባለፈው ወር ድንገት ሰፋ ብሎ ለመጠርጠር ግን የሚያበቃ ነገር በደብዳቤሽ ውስጥ አላየሁም። ማረጋገጥ ከፈለግሽ በሾርባ አትፈትኚው፤ ፈሳሽ ሳይቆይ ስለሚያልፍ አያጠግብም። ዶሮ ወይም ዓሣ በደንብ እያኘክሽ ብዪ። ጥቂት ጉርሻ ላይ «በቃኝ» ካሰኘሽ ጨጓራሽ ሥራውን እየሠራ ነው።

ታዲያ ሚዛኑ ለምን ቆመ? ሚዛን ስብን ለይቶ አያውቅም፤ ውኃውንም፣ ጡንቻውንም፣ አንጀት ውስጥ ያለውንም ደምሮ ነው የሚነግርሽ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ይይዛል። ሰውነትሽ በየቀኑ ከምትበዪው በላይ 500 ካሎሪ ቢያቃጥል፣ በሳምንት የሚቀንሰው ስብ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። በሰውነት ውስጥ ያለው ውኃ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን አንድ ኪሎ፣ አንዳንዴም ሁለት ኪሎ ከፍ ዝቅ ይላል። ያቺ ግማሽ ኪሎ እዚያ ውስጥ ብትደበቅ ምን ይገርማል? ማታ የሚመዘን ሰው ደግሞ እራቱንም አብሮ ነው የሚመዝነው።

ብዙ ሰው ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ጉበትና ጡንቻ ግላይኮጅን የሚባል ስኳር ያጠራቅማሉ፤ አንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ምግብ ሲቀር ስኳሩም ውኃውም ይሄድና ሚዛኑ ይወድቃል፤ ምግብ ሲመለስ ውኃው በከፊል ይመለሳል፣ ስቡ እየቀለጠም ቁጥሩ ቀጥ ይላል። የአንቺው ከዚያ የዘገየ ስለሆነ ሌላም ምክንያት አለው። የቀለለ ሰውነት የሚፈልገውም ያነሰ ነው። እኛ በምንጠቀምበት የተለመደ ቀመር አንድ ኪሎ ሲቀነስ፣ ሰውነት ዝም ብሎ ተቀምጦ ከሚያቃጥለው ላይ በቀን 10 ካሎሪ ይቀነሳል። በ25 ኪሎ ስታባዢው 250 ይመጣል። ስትራመጂም የምትሸከሚው ቀንሷል። ስለዚህ ከእንግዲህ የመጀመሪያውን ወር ፍጥነት አትጠብቂ።

ወደ ሾርባው ልመለስ። ቀጭን ሾርባ አብዛኛው ውኃና ጨው ነው፤ ጨው ደግሞ ውኃ ይይዛል። ሚዛኑን ላውርድ ብለሽ የምትጠጪው ነገር ራሱ ውኃ እያስቋጠረሽ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የባሰው የፕሮቲኑ ነገር ነው። ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው፤ 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ደረት 30 ግራም ገደማ። የአንቺ ሾርባ ስንት እንዳለው አንቺው ገምቺ። ፕሮቲን ያጣ ሰውነት ጡንቻውን መብላት ይጀምራል፤ ድካምሽም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። ፀጉር ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ባለው ጊዜ መርገፉ የተለመደ ነው፣ መልሶም ይበቅላል፤ ፕሮቲንና ብረት ሲያንስ ግን ይብሳል።

ራስን ማስራብ ቁጥሩን ሁልጊዜ እንደማያወርደው ጥሩ አድርጎ ያሳየ አንድ ጥናት አለ። በፈረንጆች 1944 እና 1945 አሜሪካ ውስጥ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪስ የተባሉ ተመራማሪ 36 ፈቃደኛ ወንዶችን ለስድስት ወር ያህል ወትሮ ከሚበሉት በግማሽ አቆዩአቸው። ሥጋቸው እያለቀ ሰውነታቸው ውኃ ቋጥሮ አበጠ፤ ሚዛኑም የጠፋውን ያህል አላሳይ አለ። እነሱ ጤነኛና ቀጭን ሰዎች ነበሩ፣ ካንቺ ጋር አንድ አይደሉም፤ ውኃው ግን ያው ውኃ ነው።

እንግዲህ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ደርሰሽ ምንም ሳትቀምሺ ተመዘኚ። የወር አበባ ሊመጣ ሲል ሰውነት ውኃ ስለሚይዝ ያንን ሳምንት ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር አነጻጽሪው። የልብስ ሰፊ ሜትር ግዢና እምብርትሽ፣ ዳሌሽና ጭንሽ ላይ በወር አንዴ ለክተሽ ጻፊው። ሚዛናቸው ቆሞ ሳለ ወገባቸው ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ሲቀንስ ያየኋቸው ጥቂት አይደሉም። ምግብሽን ወደ ሦስት ጊዜ መልሺ፤ ከሳህኑ መጀመሪያ ፕሮቲኑን አንሺ። ውኃ ከምግብ ጋር ሳይሆን ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ፣ በቀን ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል እስኪሆን ቀስ እያልሽ ጠጪ። እንቅስቃሴሽ የእግር ጉዞ ብቻ ከሆነ ጡንቻ የሚያሠራ ጨምሪበት፤ እጅ ሳትደገፊ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ፑሽ አፕ መሥራት ለመጀመር ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሠራ ጡንቻ ውኃ ይይዛልና ሚዛኑ ትንሽ ከፍ ቢል አትደንግጪ።

በነገራችን ላይ፣ የወር አበባሽ ከዘገየ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ። ክብደት ሲቀንስ የመፀነስ ዕድል ይጨምራል፤ ሐኪሞች ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር እንዲቆይ ይመክራሉ። ኮርቲዞን፣ ኢንሱሊን ወይም የድባቴ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ አንዳንዶቹ ክብደት ስለሚያስሩ ለሐኪምሽ ንገሪው፤ በራስሽ ግን አታቁሚ። ማስታወክ ካላቋረጠሽ፣ ወይም እግርሽ ከደነዘዘና ስትራመጂ ከተንገዳገድሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሕክምና ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ የ52 ዓመት ሰው ነኝ። ባይፓስ የሚባለውን፣ ጨጓራን አሳንሶ ከአንጀት ጋር የሚያገናኘውን ቀዶ ሕክምና ካደረግሁ ሦስት ዓመት አለፈኝ። 45 ኪሎ ቀንሼ ነበር፤ ባለፈው አንድ ዓመት ግን 8 ኪሎ ተመለሰብኝ። ሐኪሜ ዘንድ ለመሄድ አፍሬ ቀረሁ። ልታገስ?

መልስ፦ ጌታዬ፣ የእርስዎስ መታገስ አይደለም። ስዊድን ውስጥ በፈረንጆች 1987 ተጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ለረጅም ዓመታት የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፣ ክብደት ታች የሚደርሰው በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ከዚያ ጥቂቱ ይመለሳል። እንዲያም ሆኖ ባይፓስ ያደረጉት በ10 ዓመታቸው ከመነሻቸው ሩብ ያህል ቀንሰው ነው የተገኙት። ስለዚህ ትንሽ መመለሱ ያለ ነው፣ የሚያሳፍርም አይደለም፤ በአንድ ዓመት 8 ኪሎ ግን መታየት አለበት።

ለአንድ ሳምንት አፍዎ የገባውን ሁሉ፣ መጠጡንም ጭምር፣ ሳይመርጡ ይጻፉ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ትልቅ ሳህን ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ቆንጠር ቆንጠር የተደረገ ብስኩት፣ አይስክሬም፣ ጣፋጭ መጠጥ ነው፤ እነዚህ ሳያጠግቡ ያልፋሉ። አልኮልም ካሎሪው ብዙ ነው፤ ባይፓስ ያደረገ ሰው ደግሞ ቶሎና አብዝቶ ይሰክርበታል። ማስታወሻዎን ይዘው ወደ ሐኪምዎ ይሂዱ። አስፈላጊ ከሆነ ጨጓራዎን በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ፣ ያዩታል፤ እንደ ሴማግሉታይድና ሊራግሉታይድ ያሉ የምግብ ፍላጎት የሚቀንሱ መድኃኒቶችም አሉ፤ እነሱን ሐኪም ብቻ ይዘዝልዎ። ከክትትል ከቀሩ ሰንብተዋልና በዚያው የቢ12፣ የብረት፣ የቫይታሚን ዲና የካልሲየም የደም ምርመራ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ።