መልስ፦ ባለ አራት ጎማ ሞተር በኮሎራዶ መንገዶች ላይ

ወንድሜ፣ አዲሱን ባለ አራት ጎማ ሞተርህን ከኦሮራ ቤትህ አስነስተህ በአስፋልት እስከ ተራራው መንዳት ትችል እንደሆነ ጠይቀሃል። አትችልም። ኮሎራዶ እንዲህ ያለውን ተሽከርካሪ እንደ መኪና አትቆጥረውም፤ በሕዝብ መንገድ የሚሄደው ካውንቲው (በክፍለ ግዛቱ ሥር ያለው የአካባቢ አስተዳደር) ወይም ከተማው ለይቶ በፈቀደበት ብቻ ነው። በተጎታች ጭነህ ውሰደው።

ከክፍለ ግዛቱ የፓርኮችና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ለሞተርህ ዓመታዊ የምዝገባ ተለጣፊ ያስፈልግሃል። ዘመኑ ከኤፕሪል 1 እስከ ማርች 31 ስለሆነ በፌብሩዋሪ ከገዛኸው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ከፈልክ ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጫካው ውስጥ ነው። በብሔራዊ ደን መሬት ላይ፣ የደን አገልግሎቱ በነጻ በሚያድለው የተሽከርካሪ መንገዶች ካርታ ላይ የሌለ መንገድ፣ የተከለከለ የሚል ምልክት ባይተከልበትም ዝግ ነው። የጎማ ዱካ ማየት ፈቃድ አይሆንም። የጭስ ማውጫውም የእሳት ፍንጣሪ መከላከያ ሊኖረው ይገባል፤ በዚያ ደረቅ አገር ይህ ቀልድ አይደለም።

የከተሞቹ ሕግ ደግሞ ይለያያል። የሲልቨርተን ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ድምፅ ሰጥተው እነዚህን ሞተሮች ከከተማቸው ጎዳናዎች አግደዋል። ስለዚህ ከመጫንህ በፊት ለምትሄድበት ካውንቲ ደውል፤ ስለ መንጃ ፈቃድና ኢንሹራንስም በዚያው ጠይቅ።