ሞተሩን ተዉትና ጣሪያውን አሳዩኝ

ጥያቄዎቻችሁ ተከማችተዋል። አብዛኛው ስለ አሮጌ የጀርመን ካምፐር፣ ማለትም ውስጡ አልጋና ኩሽና ስላለው መኪና ነው። ግማሹ «ልግዛው ወይ?» ይላል፤ ግማሹ ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ የተጻፈ ነው። ለሁለተኛዎቹ ብዙ የምሥራች የለኝም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ሞተሩ እንደ አዲስ ነው»

ከሽቱትጋርት የጻፈልን ወንድማችን በመርሰዲስ ሻንሲ ላይ የተሠራ የ1980ዎቹ ሂመር (የጀርመን ካምፐር ሠሪ ነው) አግኝቷል። ሻጩ ሞተሩን አስነሥቶ አሰምቶታል። ጭስ የለም፣ ዘይት አያንጠባጥብም። መካኒክ ጓደኛውም አይቶ «ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ» ብሎታል። የላከልኝ ፎቶዎች በሙሉ ኮፈኑ ተከፍቶ የተነሡ ናቸው።

ዓይንህን አትጨፍን። ጓደኛህ ያየልህ ከመኪናው ሁሉ ብዙም የማያስቸግርህን ክፍል ነው። የዚያ ዘመን ባለ አራት ሲሊንደር የመርሰዲስ ናፍጣ ሞተር ታክሲ ላይ ሲሠራ የኖረ ሞተር ነው። ኮምፒውተር የለውም። መለዋወጫው ይገኛል። ቢሞትም በሌላ ይተካል። ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ያለው ቤት ግን ምትክ የለውም።

ግድግዳው ምን እንደሆነ ልንገርህ። ውጭው ስስ አሉሚኒየም ነው። ውስጡ ስስ ኮምፔርሳቶ፣ መሃሉ አረፋና የእንጨት ማገር። ሂመር በኋላ አረፋው ከአሉሚኒየሙ ጋር የሚጣበቅበት፣ እንጨቱ የቀነሰ አሠራር አመጣ፤ ወለሉ ግን ያው እንጨት ነው። ውሃ የሚገባው ከላይ ነው፤ በጣሪያ መስኮቱ ዙሪያ፣ በማዕዘን መጋጠሚያው፣ የጥላ ሸራው በታሰረበት ብሎን፣ በመብራት ሽቦው ቀዳዳ። መጋጠሚያውን የሚያሽገው ማስቲሽ ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ውሃው ወዲያው አይታይም። እንጨቱን እየበላ ቁልቁል ይወርዳል። አንተ የምታየው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያውም ከገባበት ርቆ፣ ታች።

ባለፈው ዓመት አንድ ሰው ካምፐሩን እንዳይለት ጠራኝ። ውስጡ ንጹሕ ነው፤ ምንጣፉ አዲስ፣ መጋረጃው የታጠበ። የጥላ ሸራውን ሐዲድ ከያዙት ብሎኖች አንዷን ፈታኋት። እስከ አንገቷ ዝጋለች። ተከትሏት ሻይ የመሰለ ውሃ ጠብ፣ ጠብ አለ። ቀኑ ደረቅ ነበር፤ ከዘነበም ሰንብቷል። ባለቤቱ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለኝ። ግድግዳህ ነው አልኩት።

ስለዚህ በዝናብ ማግስት ሂድ። በሩ ሲከፈት ከማንም ቀድመህ ግባና አሽት። ምድር ቤት ምድር ቤት ካለህ፣ ወይም ገና አሁን ሽቶ የተነፋበት ከሆነ ጠርጥር። የመስኮቶቹን የታች ማዕዘን በአውራ ጣትህ ተጫን፤ ጠንካራ መሆን አለበት። ቁም ሳጥኑን ክፈትና ማንም ቀለም ያልቀባውን የውስጥ ጥግ እይ። ከሾፌሩ በላይ ያለውን አልጋ ፍራሹን አንሣ። በሩ አጠገብ ቁምና ወለሉን በተረከዝህ ምታው። የእርጥበት መለኪያ ከያዝህ ቁጥሩን ብቻ አትመን፤ ደረቅ መሆኑን የምታውቀውን ቦታና የጠረጠርከውን አወዳድር።

ውጭው ላይ አዲስ ነጭ ሲሊኮን ካየህ ሻጩ ሳይጠየቅ ተናዟል ማለት ነው። እዚህ ሥራ ላይ ሲሊኮን ጠላት ነው። አንዴ ከተቀባ ሌላ ማሸጊያ በላዩ አይዝም። ትክክለኛው ሥራ ሐዲዱን ነቅሎ፣ አሮጌውን ፍቆ፣ ቡቲል በሚባለው ለስላሳ ማሸጊያ እንደገና መግጠም ነው። አሰልቺ ነው፤ ሰዓት ይበላል፤ የሚወደደውም ለዚህ ነው።

«ቲዩፍ (የጀርመን የመኪና ምርመራ) አልፏል» መባሉም አያጽናናህ። የቲዩፍ ፈታሽ ፍሬን፣ መሪ፣ መብራትና የሻንሲ ዝገት ያያል። ቁም ሳጥንህ ውስጥ አይገባም። ጓደኛህን አመስግነውና የካራቫን ቦዲ በሚሠራ ጋራዥ አስመርምር። የበሰበሰው አንድ ጥግ ብቻ ከሆነ ዋጋ ታስቀንሳለህ። የፊቱ ጣሪያም ወለሉም ከለሰለሱ ተወው፤ ሌላ ይመጣል።

በከፍተኛ ግፊት ውሃ ማጠብ ይቻላል?

አይቻልም። ከላይ ያለውን ደግመው ያንብቡ።

ጋዙ ተዳከመብኝ

ከኮሎኝ የጻፈችው እህታችን የምድጃዋ እሳት ኮስምኗል። ችግሩ የጀመረው ወንድሟ የጋዝ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ግፊት መቆጣጠሪያ በአዲስ ከቀየረላት በኋላ ነው። ወንድሟ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። «አሁን ደግሞ ማሞቂያውን ሊፈታልኝ ነው» ትላለች።

እንዳይፈታው። በእግዚአብሔር።

ምን እንደሆነ መገመት እችላለሁ። የድሮዎቹ ካምፐሮች ብዙዎቹ በ50 ሚሊባር ግፊት የሚሠሩ ናቸው፤ አዲሶቹ በ30። ምድጃው፣ ማሞቂያውና ፍሪጁ ላይ በትንሽ ታርጋ ተጽፏል። የ50ውን ዕቃ በ30 መቆጣጠሪያ ብታሠሪው እሳቱ ይኮስምናል። የተገላቢጦሽ ከሆነ ደግሞ እሳቱ ከልኩ ያልፋል፤ እሱ የባሰ ነው። ግን ይህ ግምት ነው። እኔ በደብዳቤ ጋዝ አልጠግንም፤ ወንድምሽም በዝምድና መጠገን የለበትም።

ጀርመን ውስጥ የካምፐር ጋዝ በየሁለት ዓመቱ ፈቃድ ባለው ባለሙያ መፈተሽ አለበት፤ ከ2025 አጋማሽ ጀምሮ በሕግ የግድ ሆኗል። የጎማ ቱቦውና መቆጣጠሪያው በየ10 ዓመቱ ይቀየራሉ፤ ዓመቱ ላያቸው ላይ ታትሟል። የማሞቂያው ጭስ ማውጫ ቱቦ ከዛገ ወይም ከቦታው ከተንሸራተተ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ መኝታው ይመጣል። ሽታ የለውም። ተኝተሽ አትነቂም። ሌላው ነገር፣ የጠርሙስ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ወለሉ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች እንዲያስወጡት ሆን ተብለው የተሠሩ ናቸው። «ብርድ ይገባል» ብለሽ በጨርቅ ወትፈሻቸው ከሆነ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ሂጂና አውጪው። ከዚያ ባለሙያው ጋ ደውዪ። እስኪመጣ ድረስ ጠርሙሱ ይዘጋ።

ካምፐር ውስጥ ቡና ማፍላት

አንዲት እናት ረከቦቱን ዘርግተው፣ ከሰል አቀጣጥለው፣ ዕጣን አጭሰው ቡና ማፍላት ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል። እማማ፣ ከሰሉ ውስጥ አይግባ። በሩ ቢከፈትም አይግባ። ውጭ ያፍሉትና እኛንም ይጥሩን።

ታሪካዊ ሰሌዳ

ጋሼ፣ የ1994 ካምፐርዎ 30 ዓመት ስለሞላው መጨረሻው ላይ ኤች ያለበትን ሰሌዳ መጠየቅ ይችላሉ። ዓመታዊ ግብሩ ሞተሩና ክብደቱ ሳይታይ 191 ዩሮ ከ73 ሳንቲም ነው። ከባድ አሮጌ ናፍጣ ላለው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። የጀርመን ከተሞች የመኪና ጭስ ለመቀነስ አረንጓዴ ተለጣፊ የሚጠይቁባቸው ክልሎች ውስጥም ያስገባዎታል።

ዕድሜ ብቻ ግን አይበቃም። መኪናው እንደ ዘመኑ መሆን አለበት። የጻፉልኝን ሳነብ የውስጡን የእንጨት ዕቃ አውጥተው አዲስ ነጭ ኩሽና አስገብተዋል። ፈታሹ ይህን ሲያይ ፊቱ ላይበራ ይችላል። አሮጌዎቹን የቁም ሳጥን በሮች ካልጣሏቸው አይጣሏቸው። ግብሩን በተመለከተ የታክስ አማካሪ ቢጠይቁ ጥሩ ነው፤ አማካሪው ከግብሩ በላይ እንዳያስከፍልዎት ብቻ።

በቢ መንጃ ፈቃድ ትልቁን?

እስከ 3,500 ኪሎ ድረስ። የሚታየው መኪናው ዛሬ የሚመዝነው ሳይሆን ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት ነው። ከዚያ በላይ እስከ 7,500 ኪሎ ሲ1 ያስፈልጋል። ጀርመናዊው ጎረቤትህ በቀላሉ የሚነዳው ከ1999 በፊት ያወጣው የድሮ 3ኛ ደረጃ ፈቃድ ስላለው ነው፤ ዕድሜ ነው የረዳው። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድህ ደግሞ ነዋሪ ከሆንክ በኋላ የሚያገለግለው ለስድስት ወር ነው፤ ከዚያ ፈተና።

ትንሹን ብትገዛም ሚዛን ላይ አውጣው። መቶ ሊትር ውሃ መቶ ኪሎ ነው። ልጆች፣ ብስክሌት፣ የእናትህ በርበሬ፤ 3,500 ቶሎ ይሞላል።

ከሜሪላንድ

ጸሐፊው የቬስትፋሊያ ጄምስ ኩክ ወደ አሜሪካ ማስመጣት ይፈልጋል። ጄምስ ኩክ በ1970ዎቹ መጨረሻ የወጣ፣ በመርሰዲስ ቫን ላይ የተሠራ ባለ ከፍተኛ ጣሪያ ካምፐር ነው። ምርጫህን ወድጄዋለሁ። ከተሠራ 25 ዓመት የሞላው መኪና ከአሜሪካ የደህንነት መመዘኛ ነፃ ነው፤ ለጭስ ሕጉ 21 ዓመት ይበቃል። ግን የፌዴራሉ በር ተከፈተ ማለት ስቴትህ ሰሌዳ ይሰጥሃል ማለት አይደለም። ገንዘብ ከመላክህ በፊት መጀመሪያ እነሱን ጠይቅ፤ ቀጥሎ የጉምሩክ ወኪል ያዝ። የቤቱ ኤሌክትሪክ 230 ቮልት ነው፤ ያንተ 120። የጋዝ ጠርሙሱ መግጠሚያም አይገናኝም። በ12 ቮልት የሚሠራው ሁሉ እንዳለ ይሠራል።

ወደ አዲስ አበባስ?

በ2024 መጀመሪያ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። ከዚያም በፊት የኤክሳይዝ ታክሱ አሮጌ መኪናን ክፉኛ ይቀጣ ነበር። ካምፐርህ በየትኛው ምድብ እንደሚታይ የሚነግርህ ትራንዚተር ነው። መርከብ ላይ ከመጫንህ በፊት ጠይቀው፤ ጂቡቲ ከደረሰ በኋላ አይደለም።

ባሌ ከ80 በላይ አይነዳም

አይችልም እኮ! መኪናችሁ የመርሰዲስ ቫን 207 ዲ ከሆነ 65 የፈረስ ጉልበት ይዞ ወደ ሦስት ቶን የሚጠጋ ቤት ነው የሚጎትተው። በብሬነር፣ በኦስትሪያና በጣሊያን መካከል ባለው የተራራ መንገድ በኩል ወደ ጣሊያን ስትወጡ የጭነት መኪናዎች ያልፏችኋል። መልሰሽ ሰላም በያቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱ ነው። አባይ በረሃን የወረደ ሾፌር ያውቀዋል፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ፍሬን ላይ ቆሞ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያፈላዋል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ባልሽ መቼ እንደቀየረው ጠይቂው። ካሰበ፣ አልቀየረውም።

አዲስ ካምፐር ሞልቶ ይህን ሳጥን ለምን?

ጥያቄው ከአንድ ወጣት ነው፤ ትንሽ ንቀት አለበት። ይሁን።

በ1931 አሪስት ዴትሌፍስ የሚባል ሰው ኢስኒ በምትባል የደቡብ ጀርመን ከተማ ይኖር ነበር። የቤተሰቡ ፋብሪካ ጅራፍና የበረዶ ሸርተቴ ዱላ ይሠራል። እሱ ለሽያጭ ሲዞር እጮኛው ፍሪደል ኤደልማን ብቻዋን መቅረቱ ሰለቻት። ሠዓሊ ነበረች፤ አብራው እየዞረች መሣል ፈለገች። እሱም በመኪና የሚጎተት ቤት ሠራላት። የጀርመን የመጀመሪያው ካራቫን የሚባለው ይህ ነው።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በባድ ቫልድዜ ኤርቪን ሂመር በ1961 የራሱን የመጀመሪያ ባለ ሞተር ቤት በቦርግቫርድ (የጀርመን መኪና ሠሪ) ቫን ላይ ሠራ። ቦርግቫርድ በዚያው ዓመት ከሰረ፤ ሐሳቡም አብሮ ተኛ። ሂመር በ1971 ሂመርሞቢል በተባለ ካምፐር ተመለሰበት። ከ2011 ጀምሮ ከተማዋ ውስጥ በስሙ የተከፈተ ሙዚየም አለ፤ ከንቀትህ ጋር ሂድና እይ።

እኔ የምወደው አስተሳሰቡን ነው። በትልቁ ሂመር ውስጥ ቀን ሾፌሩ የተቀመጠበት ቦታ ማታ መኝታ ቤት ይሆናል። ከጣሪያው አልጋውን ወደ ታች ትስበዋለህ፤ በሙሉ ስፋቱ፣ ከነአንሶላው ይመጣል። ጠዋት ገፍተህ ትመልሰውና ትነዳለህ። ባትሪ አይፈልግም፣ ስክሪን የለውም። የተሰበረውን በዓይንህ አይተህ በጠመንጃ መፍቻ ትፈታዋለህ።

መስኮቶቹን በምን ላጽዳ?

መስታወት አይደሉም፤ አክሪሊክ ናቸው። በአልኮልና በመስታወት ማጽጃ ይሰነጠቃሉ። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። ስታጸዱ የመስኮቱን ማሸጊያ ጎማም ዙሪያውን እዩት፤ ከደረቀ ጻፉልኝ።