ስኮትላንድ ለምትገቡ፦ የመገንጠል ወሬ አያስደንግጣችሁ

ግላስጎው ከገባሁ 15 ዓመት አልፎኛል። አዲስ የመጣ የኛ ሰው መስኮት ላይ የስኮትላንድ ባንዲራ ባየ ቁጥር «እነዚህም ሊገነጠሉ ነው? ጦርነት ይነሳ ይሆን?» ይለኛል። ድንጋጤው ይገባኛል። እኛ ዘንድ አንቀጽ 39 በተነሳበት ቤት ቡናው እስከ በረካ አይደርስም። እስቲ የማውቀውን ልንገራችሁ። ዓመቱን በፈረንጅ እቆጥራለሁ።

1. ወረቀት። የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው፣ ጥገኝነት ያገኘ ስደተኛም ጭምር፣ በ2020 በወጣው ሕግ ለስኮትላንድ ፓርላማና ለከተማ ምክር ቤት መምረጥ ይችላል። ከ16 ዓመት ጀምሮ ነው። ለለንደኑ ፓርላማ ግን እኛ ዜግነት ያስፈልገናል። ተመዝገቡ።

2. ማን ምን እንደሚያዝ እወቁ። ጤና፣ ትምህርት፣ ቤት፣ ፖሊስ የኤዲንብራው ፓርላማ ነው። ኢሚግሬሽን፣ መከላከያና የውጭ ጉዳይ የለንደን ነው። ስለዚህ ለወረቀታችሁ ኤዲንብራን አትውቀሱ። ሐኪም ላዘዘላችሁ መድኃኒት ሳትከፍሉ ከፋርማሲ የምትወጡት፣ ልጆቻችሁም ከ22 ዓመት በታች ከሆኑ አውቶቡስ በነፃ የሚሳፈሩት ግን በዚሁ ፓርላማ ነው። ፓርላማውም በዋዛ አልመጣም። በ1979 ድምፅ ከሰጠው ሕዝብ 51.6 በመቶው «አዎ፣ ይቋቋም» ቢልም፣ ከተመዘገበው መራጭ 40 በመቶ አልሞላም ተብሎ ወደቀ። 18 ዓመት ጠብቀው በ1997 ከ74 በመቶ በላይ ሆነው አሸነፉ። ዛሬ ነፃነት የማይፈልገውም ብዙ ሰው ይህ ፓርላማ እንዲነካ አይፈልግም። «ወይ አንድነት ወይ መገንጠል» ብላችሁ ሰውን ለሁለት አትክፈሉት።

3. ጎረቤቶቻችሁን አስተውሉ። በ2014 ስኮትላንድ ነፃ አገር ትሁን አትሁን የሚለው ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ ከኔ ሥር አንድ ሽማግሌና ባለቤታቸው ይኖሩ ነበር። እሳቸው ነፃነት ይላሉ፣ ሴትዮዋ ደግሞ «ጡረታዬስ? ፓውንዱስ ምን ሊሆን ነው?» ይላሉ። አንድ መስኮት ላይ ሁለት ወረቀት ለጥፈው ነበር፣ አንዱ «አዎ»፣ አንዱ «አይ፣ ይቅርብን» የሚል። ሴፕቴምበር 18 ቀን ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሊመርጡ ሲወጡ ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። ከተመዘገበው መራጭ 84.6 በመቶው ወጥቶ መረጠ። እኔ ዜጋ ስላልነበርኩ ቤቴ ዋልኩ።

55 ለ45 «አይ» አሸነፈ። ግላስጎው ራሷ ግን አብዛኛው ድምፅዋ «አዎ» ነበር። በማግስቱ ጠዋት በራቸውን አንኳኳሁ። ሽማግሌው ዓይናቸው ቀልቷል። ሴትዮዋ ሻይ ቀድተው ባላቸው ፊት አስቀመጡ፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ። አሸናፊዋ ሴትዮዋ ነበሩ እኮ! የመስኮቱንም ወረቀት ሁለቱንም አንስተው መሳቢያ ከተቱት።

ሁሉ ነገር ማር ነበር አልልም። ያን ቀን ማታ ጆርጅ አደባባይ ላይ ረብሻ ነበር፣ የተቀያየመም ቤተሰብ አለ። ግን ጠመንጃ ያነሳ የለም። ጉዳዩም አልተዘጋም። በ2016 ስኮትላንድ 62 በመቶ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር እንቆይ ብላ ድምፅ ሰጥታ ከእንግሊዝ ጋር አብራ ወጣች፣ ያ ብዙ ሰው ሐሳቡን እንዲቀይር አደረገ። ወጣቱ ወደ ነፃነቱ ያደላል፣ አዛውንቱ ወደ አንድነቱ። በ2022 ደግሞ የብሪታንያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያለ ለንደን ፈቃድ ሌላ ሕዝበ ውሳኔ መጥራት አትችሉም አለ። እነዚያ ጎረቤቶቼ ግን ሻያቸውን እየጠጡ መከራከራቸውን አላቆሙም።

4. እኛስ? እዚህ ላይ ነው አንጀቴ የሚቃጠለው። አንድ ወዳጅ ነበረኝ። አንድ ክፍል ተጋርተን፣ ከአንድ ትሪ በልተን፣ ወረቀት እስኪመጣ አብረን ያለቀስን። በአገር ቤት ፖለቲካ ተነሳንና አንድ ልደት ላይ፣ ልጆች እየሰሙ፣ የማይባል ቃል ተናገርኩት። ብሔሩን ጠርቼ። እንጀራውን አጋምሶ ተነስቶ ወጣ። ዕድራችንም ከዚያ ወዲያ ሁለት ሆነ። እናቱ ሲሞቱ ሰማሁ፣ በሩ ድረስ ሄጄ የለቀስተኛውን ጫማ ደጃፉ ላይ አይቼ ተመለስኩ። አንድ ከተማ ውስጥ ነን!

እናንተ ገና የገባችሁ፣ ይኼን በሻንጣችሁ አታምጡ። ቂም የያዛችሁት ሰው ካለ ሰው እስኪሞትበት አትጠብቁ። እኔም ቁጥሩን አልሰረዝኩትም፣ ዛሬ ማታ ከሥራ ሲወጣ እደውልለታለሁ።